የተረጎምኩት ሰው

ያ ሰውዬ ከተናገረው ውስጥ ስንቱ ከቴሌቪዥኑ የወጣ ነበር፣ ስንቱስ ከእኔ? ከተሻለኝ ዓመታት አልፈዋል፣ ይህን ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አልመለስኩትም። የሚመልስልኝ ሰው ፈልጌ አዲስ አበባ ላሉት አክስቴ ደብዳቤ ጽፌ ነበር። «ልጄ፣ እኛ እኮ የምናውቀው አንቺ ያልሽንን ነው» ብለው በልጃቸው እጅ አስጽፈው መለሱልኝ። እውነታቸውን ነው። በዚያ ሳሎን ውስጥ እንግሊዝኛ የምታውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ይህን የምጽፈው እንደኔ የታመመ ሰው፣ ወይም እንደኔ የታመመ ሰው ቤቱ ያለ፣ እኔ በየደጁ ያባከንኩትን አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንዳያባክን ነው። በትዕግሥት ልጽፈው ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ሳስታውሰው አሁንም እናደዳለሁ። ግማሹ ንዴት በራሴ ላይ ነው።

ትምህርት የጀመርኩት በአሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። አባቴ «ፊደል ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል» ባይ ስለነበሩ፣ እሳቸው ካረፉ በኋላ ነቀምቴ አንደኛ ክፍል ገባሁ። አጠገቤ የሚቀመጡት ሕፃናት እንደ ትልቅ ሴት «አዴ» እያሉ ይጠሩኝ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ ጠባይ አለው፤ ያገኛትን ነገር አጥብቆ ይይዛል፣ አንዲት ነጥብ እንኳ ከቦታዋ እንድትነሣ አይፈልግም። በኋላ መምህርት ሆኜ እዚያው ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር አጠገብ ሦስተኛ ክፍል ሲሰጠኝ፣ የጎረቤት ክፍል መምህርት ጫልቱ «አራት ነጥብ» የሚል ስም አወጣችልኝ። ጫልቱ እዚያው ነቀምቴ ተወልዳ ያደገች፣ ሳቋ ከሦስት ክፍል ማዶ የሚሰማ ሴት ናት። አልወዳትም ነበር።

ማስተማር በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ለክረምት ኮርስ አዲስ አበባ ተላክሁና አክስቴ እትዬ ዘውድነሽ ቤት አረፍኩ። ባለቤታቸው ቴሌቪዥን ገዝተው ነበር። እኛ አገር እስከ ዛሬ አልደረሰም፤ አዲስ አበባም ቢሆን ያኔ ቴሌቪዥን ያለው ቤት እንደ ሠርግ ቤት ሰው አያጣም። ሐሙስ ማታ አንድ የውጭ አገር ተከታታይ ፊልም ይታያል። ታሪኩ ግድግዳ አልፎ ስለሚሄድ፣ የሰው ሐሳብ ከሩቅ ስለሚሰማ ሰውዬ ነው። ወንበዴ ይይዛል፣ ከሚቃጠል ቤት ሰው ያወጣል። በየክፍሉ መጨረሻ ላይ ግን ራሱን የሚያገኘው በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አልጋ ላይ ነው። ሐኪሞቹ «ይህን ሁሉ ያደረግኸው እዚሁ ተኝተህ ነው» ይሉታል። ኃይል ያለው ሰው ይሁን የታመመ ሰው፣ ፊልሙ ቁርጡን አይናገርም።

ሳሎኑ ግን ይከራከራል።

«እብድ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል» ይላሉ እትዬ ዘውድነሽ።

«እብድ ግድግዳ ያልፋል እንዴ?» ይላሉ ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን ሃምሳ አለቃ። «ግድግዳ የሚያልፍ ጻድቅ ብቻ ነው። እብዶቹ ሐኪሞቹ ናቸው።»

«ጻድቅ እንዲህ ያለ ጠባብ ሱሪ ይለብሳል?»

«ለአገሩ ልብስ እኔን አትጠይቂኝ። አንቺ ልጅ፣ ምን አለ? ዝም አትበያ።»

እተረጉማለሁ። በአማርኛ የሌላ ሰው ንግግር ስናወራ «እሄዳለሁ አለ» ነው የምንለው። «እሄዳለሁ» ያለው እሱ እንጂ እኔ አለመሆኔን የምታሳውቀው መጨረሻ ላይ ያለችው «አለ» ብቻ ናት። ፊልም ደግሞ ተርጓሚ አይጠብቅም፤ «አለ» ብዬ ሳልጨርስ ሰውዬው ቀጣዩን ይናገራል። ስለዚህ በሁለተኛው ሐሙስ «አለ»ን ተውኳት። «ግድግዳውን ማለፍ እችላለሁ። አያምኑኝም። እዚህ ያስተኙኝ ስለማውቅ ነው።» እንዲህ እያልኩ በራሴ አፍ ክረምቱን ሙሉ ተናገርኩ። ያሳመመኝ ይህ ነው አልልም፤ ያከመኝ ሐኪምም አይደለም ብሎኛል። ነገር ግን በሽታው ሲመጣ የተዘጋጀ አፍ አገኘ።

ኮርሱ ያለቀው ተከታታዩ ሳያልቅ ነው። ወደ ነቀምቴ ስመለስ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ካለችው አኖ ከተማ ጎማ ሊቀይር ቆመ፤ እኔም ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ መጨረሻውን ለራሴ መሥራት ጀመርኩ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በመጀመሪያ የምሠራው እኔ ነበርኩ፣ እንደምሠራም አውቅ ነበር። ጥቅምት ላይ ሳልጠራው መጣ። ሰሌዳ ላይ የማባዛት ሠንጠረዥ እየጻፍኩ ሳለ ከግራ ትከሻዬ በላይ፣ አጠገቤ እንደ ቆመ ሰው፣ በእንግሊዝኛ ተናገረ። ቀጥሎ ያንኑ በአማርኛ ደገመው። አማርኛው የእኔው ነበር፤ ሰዋስው አያፋልስም።

ሌሎች ሕመምተኞች ሌሊቱ እንደሚከብዳቸው ሰምቻለሁ። እኔን ያስጨነቀኝ ቀኑ ነበር። ሌሊት ሕልም ነው ብዬ ልተኛ እችላለሁ፤ ቀን ግን ፀሐይ ወጥታ፣ አርባ ልጅ እያየኝ፣ ሰውዬው «ይህ ክፍል እውነተኛው ክፍል አይደለም» ይለኛል። ግድግዳውን በመዳፌ እየነካሁ አረጋግጥ ጀመር። ከዚያ መስኮቶቹን ጠላሁ። ልጆቹን ከመስኮት በኩል አስነሥቼ ዴስኮቹን ወደ መሐል አስጠጋሁ።

ጫልቱ በበሩ ብቅ ብላ አየች። «አራት ነጥብ፣ እነዚህን ልጆች ፀሐይ የነሳሻቸው ምን አጥፍተው ነው?»

«ነፋስ እየገባ ነው» አልኳት። ነፋስ አልነበረም።

ያኔውኑ ለምን አልተናገርሽም የሚለኝ ይኖራል። ከእኔ በፊት የነበረ አንድ መምህር ብቻውን ሲያወራ ታይቶ በሳምንቱ ከሥራ ተሰናብቷል። በገበያ ቀን ልጆች እየተከተሉ ድንጋይ ሲወረውሩበት አይቻለሁ፤ ከወርዋሪዎቹ መካከል እሱ ራሱ ያስተማራቸው ነበሩ። እኔ ደግሞ ከዚያ ክፍል በስተቀር ምንም የለኝም። ባል የለኝም፣ ልጅ የለኝም፣ መሬት የለኝም። ያለኝ ሦስተኛ «ሀ» ነው። ከተናገርኩ ይወሰዳል። ስለዚህ ለመዳን እፈልጋለሁ፣ እንዲታወቅብኝ ግን አልፈልግም። እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ የሚሰጥ ክሊኒክ የለም።

ሆኖም ሄድኩ። ገና ሳይነጋ ወረፋ ያዝኩ፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ሥዕል ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ከእኔ ቀድመው ዘጠኝ ሰዎች ተቀምጠዋል። ከአጠገቤ ከአኖ በጭነት መኪና የመጣች እንቅርት ያለባት ሴት ነበረች። ሳልጠይቃት የተቀቀለ በቆሎ ለሁለት ሰብራ ግማሹን ሰጠችኝ። «ብዪ፣ እዚህ ከበሽታው ወረፋው ይገድላል» አለችኝ። በዚያ ዓመት ከብዙ ሰው እጅ መድኃኒት ተቀብያለሁ፤ እንደዚያ በቆሎ የጠቀመኝ ጥቂት ነው።

ተራዬ ደርሶ ስገባ በሽተኛ የሚያየው ድሬሰሩ፣ የሐኪም ረዳቱ ኦቦ ተሰማ ነበር። ካርዴን ገለጥ አድርጎ፣ ቀና ሳይል፣ በየክሊኒኩ የሚጠየቀውን ጠየቀኝ።

«ምን ይሰማሻል?»

የት ያምሻል ማለቱ ነው። እኔ ግን የተጠየቅሁትን መመለስ ነው የተማርኩት።

«ሰው ይሰማኛል» አልኩት።

«የት ላይ?»

«እዚህ፣ በግራ በኩል።»

«ይጮኻል?»

«አይጮኽም። ይናገራል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥቅምት።»

ተነሥቶ ግራ ጆሮዬን ወደ ኋላ ሳበና በባትሪ አየ። «ማሎ፣ ወይ ጉድ፣ እንዲህ ተደፍኖ እንዴት አይናገር» አለ። ካርዱ ላይ «ጆሮ» ብሎ ጻፈ። ለብ ያለ ውሃ በሲሪንጅ ገፋበት፣ ጠብታ ሰጠኝ፣ በሳምንቱ ተመለሺ አለኝ። በሳምንቱ ተመለስኩ።

«አሁንስ እንዴት ነው?»

«አሁን ይበልጥ ጠርቶ ይሰማኛል።»

«አየሽ፣ እየተሻለሽ ነው» ብሎ ደስ አለው።

ስሙ ተሰማ ነው። እኔን ግን አልሰማኝም። አልፈርድበትም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እውነት አይደለም፣ እፈርድበታለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶት ነበር፤ «ምን ይላል?» ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ እነግረው ነበር ብዬ አስባለሁ። ደግሞም እኔ ራሴ ማስረዳት ስችል ዝም አልኩ። «ጆሮ» የሚለው ቃል ካርዱ ላይ ሲጻፍ ደስ ብሎኝ ነበር። በጆሮ ሕመም ማንም ከሥራ አይባረርም።

አራት ወር ጆሮዬን ታከምኩ። ከዚያ አንድ ባለ መድኃኒት ቤት «ወባ አናት ላይ ሲወጣ እንዲህ ያደርጋል» ብሎ መራራ ኪኒን ሰጠኝ። ኪኒኑ ጆሮዬን በእውነት አስጮኸው፤ ሰውዬው በአንድ በኩል፣ ጩኸቱ በሌላ በኩል። ይህንኑ ብነግረው መልሶ ወደ ድሬሰሩ ላከኝ። እንግዲህ በዚያ አግዳሚ ላይ እንደገና ተቀመጥኩ።

እናቴ ጎጃም ተወልደው አባቴን አግብተው ወደ ወለጋ የመጡ ሰው ናቸው። ነገሬን ያወቁት ጆሮዬን አይተው አይደለም፤ ምሳ ላይ ግድግዳ ስነካ አይተው ነው። አልጮኹም። መጽሐፎቼን አንድ በአንድ ሰብስበው ሣጥን ውስጥ ከተው ቆለፉ፣ ቁልፉን አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር አሰሩት።

«መጽሐፍ ነው የበላሽ» አሉኝ። «ደብተራው እንኳ በዝቶበት ያብዳል፣ አንቺ ማን ነሽና።»

«እማዬ፣ ደብተሬ አለበት፣ ለሥራ ነው።»

«ሥራው ያንቺ፣ ልጅቱ የእኔ።»

ይህን ንግግራቸውን ያኔ ጠላሁት። አሁን ሳስበው ከማንም ሰው በላይ ለእኔ የቆሙት እሳቸው ነበሩ፤ የቆሙበት ቦታ ብቻ ልክ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማኅበራቸውን ተዉ፣ ጎረቤት እንዳይመጣ በር ዘጉ። ሁለታችን እዚያ ቤት ውስጥ አንዳችን ሌላውን እየጠበቅን፣ ሳንነጋገር ከረምን።

የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲሆን ጠበል ወሰዱኝ። ሁለት ሳምንት ተጠመቅሁ። ውሃው ቀዝቃዛና ንጹሕ ነበር፣ አልጠላሁትም፤ ሰዎቹም ደጎች ነበሩ። አጥማቂው ግን የሚያናግሩት እኔን አልነበረም።

«ተናገር፣ ስምህ ማን ነው?»

«ብርቅነሽ» እላለሁ።

«አንቺን አይደለም፤ አንተን ነው። ከየት መጣህ?»

ምን እንደሚፈልጉ ገብቶኝ ነበር። እንደገና እንድተረጉም ነው የሚፈልጉት። አጠገቤ ያሉት ሴቶች ይለፈልፋሉ፣ ይጮኻሉ፣ «እወጣለሁ» ይላሉ፣ እልልታ ይሆናል። እኔ ጥርሴን ነክሼ ውሃውን ተቀበልኩ። አፌን ለሰውዬው ያዋስኩት አንድ ክረምት በቅቶኛል። በመጨረሻው ቀን አጥማቂው ለእናቴ «ይህ ዲዳ መንፈስ ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል» አሏቸው። እናቴ መንገዱን ሙሉ አለቀሱ። ሰውዬው መንገዱን ሙሉ አወራ።

በዚያ መሐል ደብተር ይዤ ነበር፤ እናቴ ያላገኙት አንድ ደብተር። ገጹን በመስመር ለሁለት ከፍዬ በአንድ ወገን «የታየ»፣ በሌላው «ያልታየ» ብዬ ጻፍኩ። ሰውዬው የሚለውን ሁሉ፣ አዲስ አበባ ሳሎን ውስጥ ካየሁት ከሆነ በቀኝ፣ ካልሆነ በግራ እጽፋለሁ። በሽታን በሥርዓት የማሸንፈው መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ ሁለቱ ዓምዶች ግልጽ ነበሩ። በኋላ ግን እየሰረዝኩ ከግራ ወደ ቀኝ ማዛወር ጀመርኩ። አንድ ቀን ከፍቼ ሳየው ግራው ባዶ ሆኗል። ሁሉም የታየ ሆኗል። እውነት የፈራሁት ያን ዕለት ነው።

ስለ መድኃኒቱ እዚህ ላይ ልጻፍ፣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነውና። በኋላ አዲስ አበባ የአእምሮ ሐኪም አየኝ። በሽታዬ ጆሮ ሳይሰማ አእምሮ ራሱ ድምፅ የሚሠራበት እንደሆነ፣ ብዙ ሰው እንደሚይዘው፣ የማንም ጥፋት እንዳልሆነ ነገረኝ። ኪኒኑ እጄን አንቀጠቀጠው፣ ምላሴን እንደ ቆዳ አደረቀው፤ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው «መ» ፊደል እንደ ሕፃን ጽሑፍ ተንጋደደ። ድምፁ ግን መጀመሪያ ጎረቤት ቤት እንዳለ ሬዲዮ ራቀ፣ ከዚያ አልፎ አልፎ ብቻ መጣ፣ ከዚያ ቀረ። ተሻለኝ ብዬ በራሴ ፈቃድ ኪኒኑን አንድ ጊዜ አቆምኩ፤ በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ። ይህን ስሕተት አትድገሙብኝ። አንድ ዓመት ከክፍል ወጥቼ መጻሕፍት ክፍል ሠራሁ፤ ዲሬክተሩ ክፍሌን ሲመልሱልኝ በመጀመሪያው ወር በየቀኑ እየመጡ ከኋላ ይቀመጡ ነበር። ያናድድ ነበር። ግን መለሱልኝ።

ወደ አእምሮ ሐኪሙ ያደረሰኝ ክሊኒክ አይደለም፤ ቃል ጽሕፈት ነው።

አንድ ቀን ልጆቹን ስለ ንብ አጻፍኳቸው። አምስት ዓረፍተ ነገር ነበር። በማግሥቱ፣ ልጆቹ ለምሳ ከወጡ በኋላ፣ ብቻዬን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ማረም ጀመርኩ። በመጀመሪያው ደብተር ላይ «ንብ አበባ ትቀስማለች» ከሚለው ቀጥሎ እንዲህ የሚል አገኘሁ፤ «መስኮቱን አትመኑ፣ ከጀርባው ሌላ ክፍል አለ።» ልጁ ቀልዶብኛል ብዬ በቀይ ሰረዝኩበት። ሁለተኛውን ደብተር ከፈትኩ። ሦስተኛውን። አርባውም ጽፈውታል። አንዳንዱ አሳምሮ፣ አንዳንዱ ከ«ጀርባው» ላይ «ር»ን ዘልሎ። እጄ ሳላዝዘው «ር»ን እያስገባ ይሄድ ነበር።

ሰውዬው የሚናገረው ለእኔ ብቻ ነው ብዬ ነበር። በእኔ አፍ፣ ለአርባ ሕፃናት፣ ቀስ ብሎና እየደገመ፣ ለጽሑፍ እንዲመች አድርጎ ተናግሮ ኖሯል።

ጫልቱ የገባችው ይህን ጊዜ ነው። የወንድሟ ልጅ ሌንሴ የእኔ ተማሪ ናት።

«አካም ጅርታ፣ አራት ነጥብ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። ድምፅዋ ላይ ሳቅ የለም። «ሌንሴ ትናንት አልጋዬን ከመስኮቱ ካላራቃችሁ አልተኛም ብላ ቤቱን አመሰችው። አባቷ ተቆጣት። ‹እትዬ ናት ያለችን› ትላለች። ምንድን ነው ያልሻቸው?»

«ቃል ጽሕፈት ነው።»

«ከየትኛው መጽሐፍ?»

አንድ የመጽሐፍ ስም ብናገር ይበቃ ነበር። ጫልቱ አንብባ አታረጋግጥም፤ «እናንተ አንባቢዎች» ብላ ትሄድ ነበር። ክፍሌ በእጄ ይቀር ነበር። ስም ፈለግሁ፣ መጣልኝም። ከዚያ ፊቴ ከተዘረጉት ደብተሮች መካከል የሌንሴን አየሁ፤ ሁለተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጥ፣ ስትጽፍ ምላሷን የምታወጣ ልጅ ናት። ጽሑፏ ንጹሕ ነበር። ስሕተት አልነበረበትም፤ ያልኳትን ነው የጻፈችው።

«ከመጽሐፍ አይደለም» አልኳት።

«ታዲያ ከየት አመጣሽው?»

«የማየው የለም፤ የምሰማው ግን ሰው አለ። ያናግረኛል። ከባለፈው ዓመት ጥቅምት ጀምሮ።»

ጫልቱ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። የምትሄድ መሰለኝ። ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

«አሁንም እየተናገረ ነው?»

«አዎ።»

«ምን ይላል?»

በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «ዝም በይ ይለኛል» አልኳት።

«እሱ ራሱ ዝም ይበል። አንቺ ተናገሪ።»

ያን የምታክል ሴት፣ በሦስተኛ ክፍል ልጅ ዴስክ ውስጥ ጉልበቷን አጥፋ ገባች። «ሂንሶዳቲን» አለችኝ፤ አትፍሪ ማለቷ ነው። «ከመጀመሪያው ጀምሪ። ቀስ በይ ብቻ፣ ስትፈሪ አማርኛሽ ይሮጣል።»

ከሐሙስ ማታው ሳሎን ጀመርኩ። ሃምሳ አለቃው ጋ ስደርስ ደወል ተደወለ፤ የሁለታችንም ክፍል ልጆች በሩ ላይ ተሰለፉ። ጫልቱ ከዴስኩ ወጥታ በሩን ከፈተችና «ሦስተኛ ‹ሀ›ም ሦስተኛ ‹ለ›ም ሜዳ፣ ኳስ» አለቻቸው። ጩኸታቸው እስኪርቅ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ በሩን መልሳ ዘግታ፣ ያ ጠባብ ዴስክ ውስጥ ተመልሳ ገባች።

መምህርት ከሆንኩ ጀምሮ አንድም ክፍለ ጊዜ ሳላስተምር አሳልፌ አላውቅም ነበር። ያን ቀን እስከ መውጫው ደወል ነገርኳት።